ከምርት የወጣው የስቲል ጊታር አምፕሊፋየር፦ ፊርማ ከማሰባሰብዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ፔዳል ስቲል ጊታር (ክሩ ላይ የብረት ዘንግ እየተንሸራተተ፣ የክሩ ድምፅ በእግር ፔዳል ከፍና ዝቅ እየተደረገ የሚጫወት ጊታር) እጫወታለሁ። ከ30 ዓመት በላይ የተጫወትሁበት፣ ባለ 15 ኢንች ስፒከር አምፕሊፋየር ምርቱ ከተቋረጠ ቆይቷል። በቅርቡ ደግሞ እየተጫወትሁ ሳለ ድምፁ በድንገት ይወርድና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ጠጋኙ ‹ዘመኑ አልፎበታል፣ መለዋወጫም የለውም› አለኝ። እኔና ጓደኞቼ ፋብሪካው ያንኑ አምፕሊፋየር እንደገና እንዲያመርት ፊርማ ለማሰባሰብ አስበናል። ንድፉ በእጃቸው ነው፤ ታዲያ ማምረቱ ምን ይከብዳቸዋል? እምቢ ካሉስ ሌላ ሰው ቢሠራው በሕግ ይጠየቃል? ዛሬ የሚሸጡት ክብደታቸው ቀላል የሆኑ አምፕሊፋየሮች ሁሉ ለተራ ጊታር የተሠሩ ስለሆኑ ለእኔ አይሆኑም።»

አምፕሊፋየርዎ ለመሞቱ ገና ማስረጃ አላየሁም። ድምፅ በድንገት ወርዶ በራሱ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ፣ ከትራንዚስተሩም ከትራንስፎርመሩም በፊት የሚጠረጠረው የገመድ መሰኪያው ነው። በብዙ የስቲል ጊታር አምፕሊፋየሮች ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ከቅድመ ማጉያው (የድምፁ ጠባይ በቁልፎች ከሚስተካከልበት ክፍል) የሚወጣበት፣ ሌላው ወደ ኃይል ማጉያው (ስፒከሩን ወደሚነዳው ክፍል) የሚገባበት። ገመድ ካልተሰካባቸው ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በመሰኪያው ውስጥ ባለች ስስ የብረት ምላስ በኩል ነው። ይህች ምላስ ከዓመታት በኋላ ትዝግና ንክኪዋ ይሳሳል፤ ድምፁም ይወርዳል። ከዚያ አንድ ወፍራም ኖታ ሣጥኑን ሲያንቀጠቅጠው ንክኪው ይመለሳል። አጭር የጊታር ገመድ ወስደው ሁለቱን ቀዳዳዎች ያገናኙና ጥቂት ቀን ይጫወቱ። ችግሩ ከጠፋ፣ የሚያስፈልገው መሰኪያዎቹን ማጽዳት ወይም መለወጥ ብቻ ነው። መሰኪያ ደግሞ ዛሬም በየትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደብር ይገኛል። እንዲህ በአንድ ገመድ የሚነሣ አምፕሊፋየር «አለቀለት» ተብሎ ሲጣል ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። «ንድፉ በእጃቸው ነው» የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ አለ፤ ስሕተትም ነው። በወረቀት ላይ ያለው የሰርኪዩት ሥዕል የሚናገረው የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩን ለማምረት ግን የሰሌዳው አቀማመጥ፣ የትራንስፎርመሩ አጠማጠም፣ የስፒከሩ ወረቀትና ማግኔት፣ የሣጥኑ ልኬት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃዎቹን የሚያቀርቡ ሌሎች ፋብሪካዎች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሰርኪዩት ሰሌዳ መስመሮች በአብዛኛው የሚዘጋጁት በግልጽ ፊልም ላይ በእጅ ጥቁር ቴፕ እየተለጠፈ ነበር። የዛሬ ማሽን የሚያነበው የኮምፒውተር ፋይል የለም፤ ሰሌዳው እንደገና መሣል አለበት። እንደገና ሲሣል ደግሞ መስመሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ መስመር ሲንቀሳቀስ ቀድሞ ያልነበረ ጉምጉምታ ወይም ጆሮ የማይሰማው ንዝረት ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ዕቃዎቹም ከስር ከስር ጠፍተዋል። ፒቪ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በሜሪዲያን፣ ሚሲሲፒ ይሠራቸው የነበሩትን ሴሽን 400 እና ናሽቪል 400ን እንውሰድ፤ ስቲል ተጫዋቾች በስም እየጠሩ ከሚናፍቋቸው መካከል ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። እነዚህ በትልልቅ የብረት ቆብ ትራንዚስተሮች የሚሠሩ፣ 200 ዋት አካባቢ የሚሰጡ፣ ከባድ ትራንስፎርመር የተሸከሙ ማሽኖች ናቸው። የብረት ቆብ ያላቸውን ትራንዚስተሮች የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ኢንዱስትሪው ወደ ፕላስቲክ ቅርፅ ዞሯል። የስፒከሩ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። የመጀመሪያዎቹ ሴሽን 400ዎች የጄቢኤል 15 ኢንች ስፒከር ነበራቸው፤ ማግኔቱም ኮባልት የሚገባበት፣ አልኒኮ የተባለ ውህድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛየር የሻባ ግዛት ጦርነት ሲነሣ የኮባልት ዋጋ ናረ፤ የስፒከር ፋብሪካዎችም በገፍ ኮባልት ወደማያስፈልገው ፌራይት ማግኔት ተሻገሩ። በአፍሪካ መካከል ያለ የማዕድን ጉድጓድ የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ በሆነችው በናሽቪል መድረክ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ቀየረ ማለት ነው። የድሮውን አምፕሊፋየር መልሶ የሚያመርት ሁሉ፣ ይህንን ሰንሰለት በሙሉ ወደ ኋላ መጎተት ይጠበቅበታል።

በዚህ ላይ ሕጉ ተለውጧል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እርሳስንና ሌሎች አደገኛ ንጥረ ነገሮችን ገድቧል። የድሮው አምፕሊፋየር የተበየደው በእርሳስ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ለገበያ የቀረበውን መጠገን አይከለከልም፤ ያንኑ ዕቃ አዲስ ብሎ በአውሮፓ መሸጥ ግን አይቻልም። ያለ እርሳስ የሚበየደው ሰሌዳ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ዕቃዎቹም ያንን ሙቀት የሚችሉ መሆን አለባቸው። የኤሌክትሪክ ደኅንነት ምርመራውም በዛሬው መስፈርት ይደረጋል እንጂ እ.ኤ.አ. በ1975 መስፈርት አይደለም።

ገንዘቡን ለማየት አንድ ግምታዊ ስሌት ልሥራ። ሰሌዳውን እንደገና ለመሣል፣ ናሙና ለመሥራትና የደኅንነት ምርመራ ለማስፈጸም 60,000 ዶላር ወጣ እንበል። አንድ ፋብሪካ 3,000 አምፕሊፋየር ከሸጠ፣ ይህ ወጪ በእያንዳንዱ ላይ 20 ዶላር ይጨምራል። 200 ብቻ ከሸጠ ግን በእያንዳንዱ ላይ 300 ዶላር ይጨምራል፤ ገና ሽቦውና እንጨቱ ሳይገዛ ነው ይህ። ስቲል ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አንድ ጥሩ አምፕሊፋየር ሲገዙ እንደ እርስዎ 30 ዓመት ይይዙታል። ዕቃው ጥሩ መሆኑ ራሱ ገበያውን አደረቀው። ታዋቂው የጊታር አምራች ፌንደር እንኳ ለስቲል ብሎ ያወጣውን ባለ 200 ዋት ስቲል ኪንግ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሠርቶ አቆመ። ለዚህ ነው የፊርማ ወረቀት ትልቅ ፋብሪካን የማያንቀሳቅሰው። ፊርማ ምኞትን ያሳያል፤ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ግን የሚጠይቀው ቀብድ የከፈለው ሰው ስንት እንደሆነ ነው።

ይህን ያልሁት ምኞትዎን ለማጣጣል አይደለም። ስቲል ተጫዋች ከሌላው ጊታር ተጫዋች የተለየ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ትክክል ነዎት፤ ምክንያቱንም በደንብ ማወቅ ይጠቅምዎታል፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃልና።

ተራ ጊታር ተጫዋች አምፕሊፋየሩ ትንሽ ሲሻክር ይወዳል። በስቲል ግን መሻከር ቅኝቱን ያፈርሳል። ሁለት ድምፆች በሚያሻክር ማጉያ ውስጥ ሲያልፉ የሁለቱ ልዩነትና ድምር ሆነው አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። አንዱ ክር 440 ኸርዝ (በሴኮንድ 440 ንዝረት)፣ ሌላው 550 ኸርዝ ቢሰጥ፣ ማንም ያልመታው 110 ኸርዝ ከሥር ይሰማል። አሁን ፔዳሉን ረግጠው ሁለተኛውን ክር ወደ 587 አካባቢ ሲያነሡት፣ ያ ያልተጠራ ድምፅ ከ110 ወደ 147 ይንሸራተታል። በተራ ጊታር ላይ ድምፆቹ ቆመው ስለሚቆዩ ይህ እንደ ውፍረት ይቆጠራል። ስቲል ጊታር ግን ሕይወቱ መንሸራተት ነው፤ ጥላውም አብሮ ሲንሸራተት ጆሮ ይረበሻል። በዚህ ላይ የድምፁን መጠን የሚቆጣጠረው ሌላ ፔዳል አለ። ክሩ ሲመታ ፔዳሉ ግማሽ ተከፍቶ ይቆያል፤ ድምፁ እየደከመ ሲሄድ እግር ቀስ እያለ ይከፍተዋል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሁልጊዜ ከሚሰማው በላይ የተጠባባቂ ኃይል መያዝ አለበት። የወፍራሙ ወገንም ቀላል አይደለም፤ ሲ6 በተባለው የስቲል ጊታር ቅኝት አሥረኛው ክር 65 ኸርዝ ይደርሳል፣ የተራ ጊታር ወፍራም ክር ግን 82 ላይ ያበቃል። ባለ 15 ኢንች ስፒከር የተመረጠው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚናፈቀውም እርሱ ይመስለኛል። የስቲል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ) ከ800 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ አፍንጫ የሚያሰኝ ጩኸት አለው። ናሽቪል 400ን በመሰሉ አምፕሊፋየሮች ላይ መካከለኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን፣ የሚቆረጠው የት ላይ እንደሆነ የሚመርጥ ሌላ ቁልፍ አለ። በተራ የጊታር አምፕሊፋየር ላይ ይህ የለም፤ መካከለኛው ድምፅ የሚጎድለው ዝቅ ባለ፣ በማይንቀሳቀስ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ተጫዋቾች «የድሮው ሙቀት» የሚሉት ነገር፣ ፈታትቼ ስለካው አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው በዚህ ቁልፍና በስፒከሩ ውስጥ ነው። ከባዱ ትራንስፎርመር ዋት ይሰጣል፤ ዋትን ግን ዛሬ በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

ስለዚህ «ቀላል አምፕሊፋየር ሁሉ ለእኔ አይሆንም» የሚለው ፍርድዎ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ የተሳሳተ ነው። የጊታር ቅድመ ማጉያ አይሆንዎትም፤ ቀላል የኃይል ማጉያ ግን ይሆንዎታል። ክላስ ዲ የሚባለው አሠራር 200 ዋት በጥቂት ኪሎ ግራም ይሰጣል። ፊቱ ላይ የመካከለኛ ድምፅ ቦታን የሚመርጥ ቅድመ ማጉያ ከተቀመጠለት፣ ከኋላው ለስቲል የሚሆን ስፒከር ካለው፣ አድማጭ ልዩነቱን አይለይም። ቀላል ማግኔት ያላቸው ባለ 15 ኢንች ስፒከሮችም አሉ፤ ኢሚነንስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለፔዳል ስቲል ብሎ ያዘጋጃቸው ይገኙባቸዋል። ኩዊልተርና ሚልክማን የተባሉት የካሊፎርኒያ አምራቾችም ለስቲል ተጫዋች አስበው ሠርተዋል። የዚህ መንገድ ጉድለት አንድ ነው፣ ትልቅም ነው፦ ሲበላሽ በትናንሽ ዕቃዎች የተሞላ ሰሌዳ ስለሆነ ጠጋኝ ሙሉውን ክፍል አውጥቶ ይለውጣል እንጂ አይጠግነውም። ያ ክፍል ምርቱ ሲቋረጥ ዛሬ የቆሙበት ቦታ ላይ ይመለሳሉ። ስለዚህ ቅድመ ማጉያውና የኃይል ማጉያው ተለያይተው በየራሳቸው ሣጥን ያሉበትን ይምረጡ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል።

ዋት ሲያነጻጽሩ አይታለሉ። ከ100 ወደ 200 ዋት መሄድ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ እጥፍ ጨመረ እንዲል ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። በአንድ ዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 97 የሚሰጠውን በግማሽ ኃይል ይስተካከለዋል። በተጨማሪም በ4 ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ 200 ዋት የሚሰጥ ማጉያ፣ 8 ኦም ስፒከር ሲሰካበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የወረቀቱ ቁጥር ቀጣይ ኃይልን ይናገር እንደሆነ፣ ወይስ የቅጽበት ጫፍን፣ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ስለ ሕጉ ጥያቄዎ የአሜሪካን ሥርዓት ልግለጽ፣ አምራቾቹ እዚያ ስለሆኑ። ሦስት ነገሮችን ለይተው ይያዙ። የፈጠራ መብት ጊዜ አለው፤ ዛሬ ማመልከቻ ከገባበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ነው፣ በድሮው ሕግ ደግሞ ከተሰጠበት ቀን 17 ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተመዘገበ የሰርኪዩት ፈጠራ ቢኖር እንኳ ከረጅም ጊዜ በፊት አብቅቷል። ስለዚህ ሰርኪዩቱን አጥንቶ የሚሠራ ሰው በዚህ አይጠየቅም። የንግድ ምልክት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ አይሞትም። ሦስት ተከታታይ ዓመት ሳይሠራበት ከቀረ እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል፤ ይህም ቢሆን ክርክር የሚነሣበት ግምት እንጂ የተዘጋ ፍርድ አይደለም። የፋብሪካውን ስምና አርማ በአዲስ ሣጥን ላይ መለጠፍ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። የሰርኪዩቱ ሥዕልና የመመሪያው ጽሑፍም የቅጂ መብት አላቸው፤ ሥዕሉን አባዝቶ መሸጥ አይፈቀድም። ባጭሩ ድምፁን መሥራት ይቻላል፣ ስሙን መውሰድ አይቻልም። ከሐሳብ ወደ ሥራ ሲገቡ ግን ጠበቃ ያማክሩ።

ይህ ሥራ ከአነስተኛ የእጅ ሥራ ቤት ሊወጣ መቻሉን የሚጠራጠር ካለ፣ የስቲል አምፕሊፋየር ታሪክ ከዚያ እንደተነሣ ላስታውስ። ቦብ ክሩክስ በካሊፎርኒያ ቴምፕል ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስታንዴል የተባለውን አምፕሊፋየር በትእዛዝ ሲሠራ፣ ባለ 25 ዋትና ባለ 15 ኢንች ጄቢኤል ስፒከር ነበር። የስቲል ተጫዋቹ ስፒዲ ዌስት ከቀደሙት ተጠቃሚዎች አንዱ ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገውን ተናገረ፣ ሠሪው አዳመጠ። ስታንዴል በኋላ ጠፍቶ፣ በ1990ዎቹ በእጅ የሚሠራ ውድ ዕቃ ሆኖ ተመልሷል። መመለስ ይቻላል ማለት ነው፤ በፋብሪካ ዋጋ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ያገለገለ ሌላ ልግዛ ካሉ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን እርስዎ ዘንድ ካለው ጋር አንድ ዕድሜ ያለው መሆኑን አይርሱ። የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ከ20 ዓመት በኋላ ይደርቃሉ፤ ባይጫወቱበትም ይደርቃሉ። በትራንዚስተር የሚሠራ ከሆነ ስፒከሩን ነቅለው በስፒከሩ መውጫ ላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ በመለኪያ ያስለኩ፤ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ከሆነ ጤነኛ ነው። በርካታ ቮልት ካነበበ ስፒከሩን መልሰው አይሰኩ፤ ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ በደቂቃ ውስጥም ስፒከሩን ያቃጥለዋል። በቫኪዩም ቲዩብ የሚሠራውን ግን ያለ ስፒከር ፈጽሞ እንዳያበሩ፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ይጎዳል። ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራውን በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በቮልቴጅ ማውረጃ ቢያስገቡትም ትራንስፎርመሩ ከታሰበለት በላይ ሊግል ስለሚችል፣ ሙቀቱን ይከታተሉ።

የቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ እጅ ማስገባት ለማያውቅ ሰው ሞት ነው። ከ400 ቮልት በላይ በካፓሲተር ውስጥ ይቀራል፤ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ይቀራል። ለጠጋኞችም አንድ ቃል አለኝ፦ የድሮው ትራንዚስተር ሲጠፋ በእጅ የተገኘውን ጠንካራ አዲስ ትራንዚስተር መተካት ብቻውን አይበቃም። አዲሶቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ለዘገምተኛ ትራንዚስተር በተነደፈ ሰርኪዩት ውስጥ ሲገቡ በማይሰማ ድግግሞሽ ተንዘፍዝፈው ይቃጠላሉ። አስመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ትራንዚስተሮችም ገበያ ላይ ሞልተዋል። ከተተካ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ የታሰረ ባለ ሽቦ አምፖል ይኑር፤ ስሕተት ካለ አምፖሉ ይበራል፣ አምፕሊፋየሩ ይተርፋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የያዙትን ያስጠግኑ። ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ደኅና ከሆኑ የቀረው ሁሉ ይተካል፤ ካፓሲተሩ፣ መሰኪያው፣ በየቁልፎቹ ሥር ያለው ሬዚስተር ዛሬም ይመረታል። «መለዋወጫ የለም» ያለዎትን ጠጋኝ ትተው፣ ሰርኪዩት ማንበብ የሚችል ሌላ ይፈልጉ። የፊርማውን ወረቀት ደግሞ ወደ ትእዛዝ ወረቀት ይለውጡት። ጓደኞችዎ እውነተኛ ፍላጎት ካላቸው፣ ቀብድ ለማስያዝ የተዘጋጁትን ብቻ ይቁጠሩና ወደ አንድ አነስተኛ አምራች ይሂዱ። የሚጠይቁትም ሙሉ አምፕሊፋየር አይሁን፤ ቅድመ ማጉያውን ብቻ ያሠሩ፣ የመካከለኛ ድምፅን ቦታ ከሚመርጠው ቁልፉ ጋር። ያ ከፍተኛ ቮልቴጅ የለውም፣ ትልቅ ትራንስፎርመር አይፈልግም፣ ዕቃዎቹ ሁሉ ዛሬ ይገኛሉ፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ሰው ብቻ ቢያዝዘው እንኳ ለሠሪው የሚሞከር ሥራ ነው። የኃይል ማጉያውንና ስፒከሩን እያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙና እንደ ወገቡ ይመርጣል።

ለዚያ ሠሪ «የድሮውን ድምፅ ስጠኝ» ብለው አይሂዱ፤ ይህ ቃል ለእያንዳንዱ ጆሮ የተለየ ነው። የእርስዎ አምፕሊፋየር በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ ቁልፎቹ እርስዎ ሁልጊዜ በሚጫወቱበት ቦታ ላይ እንዳሉ፣ ከ50 እስከ 8,000 ኸርዝ ያለውን የድምፅ መጠን በመለኪያ ያስወስዱ። አንዱን በቅድመ ማጉያው መውጫ ላይ፣ ሌላውን በስፒከሩ ፊት በማይክሮፎን። ካፓሲተሮቹ ከመለወጣቸው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተለወጡ በኋላም አንድ ጊዜ ይለካ፤ ለሠሪው የሚሰጡት ሁለተኛውን ነው።